በኤአይ የተሠራ ራጅ ሞዴል ለማሠልጠን ይሆናል?

ነጭ መስመር ጻፈች፦

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ላማክራችሁ ነው። ለመመረቂያ ሥራዬ ኒሞቶራክስን ከደረት ራጅ ላይ የሚለይ ሞዴል እያሠለጠንኩ ነው። ለማታውቁት፣ ኒሞቶራክስ ማለት በሳንባና በደረት ግድግዳ መካከል አየር ገብቶ ሳንባው ሲኮማተር ነው። የጤነኛ ሰው ራጅ እንደ ልብ ይገኛል። ኒሞቶራክስ ያለበት ግን ጥቂት ነው። ትንሹና ገና የጀመረው ደግሞ ጭራሽ የለም ማለት ይቻላል።

አማካሪዬ «በዲፊውዥን ሞዴል (ምስል በሚፈጥር ኤአይ) አመንጪና ጨምሪበት» አሉኝ። አደረግኩት። የወጡት ምስሎች ያስደንቃሉ። የጎድን አጥንቱ፣ የልቡ ጥላ፣ ሁሉም በቦታው ነው። ግን ልቤ አላረፈም። እነዚህ ራጆች የማንም ሰው አይደሉም። ከማንም ደረት ላይ አልተነሱም። ሞዴሌ ከእነሱ የሚማረው ነገር እውነት ነው? ወይስ ራሴን እያታለልኩ ነው? ልምድ ያላችሁ እባካችሁ አስረዱኝ።

ሽቦ ጻፈ፦

እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። አጭሩ መልስ ይሆናል የሚል ነው። ረጅሙ ግን «እንዴት አድርገሽ?» የሚለው ላይ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ2014 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) የኤአይ ተመራማሪው ኢያን ጉድፌሎውና ባልደረቦቹ ጋን የሚባለውን ዘዴ አመጡ። ሁለት ኔትወርኮች ናቸው። አንዱ ምስል ይፈጥራል፣ ሌላው እውነተኛውን ከተፈጠረው ይለያል። እየተፎካከሩ ሁለቱም ይሻሻላሉ። በ2018 ተመራማሪዎች ይህንኑ ለጉበት ሲቲ ስካን ተጠቀሙበት። በእጃቸው የነበረው 182 የጉበት ቁስል ምስል ብቻ ነበር። ምስሎቹን በማዞርና በማገላበጥ ብቻ ሲያበዙ የሞዴላቸው በሽታን የመለየት አቅም 78.6 በመቶ ነበር። በጋን የተፈጠሩትን ሲጨምሩ 85.7 በመቶ ደረሰ። በጣም ጥቂት ዳታ ላለው ሰው ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም።

ከ2020 በኋላ ዲፊውዥን መጣ። ምስሉ ላይ ደረጃ በደረጃ ኖይዝ፣ ማለትም የዘፈቀደ ነጠብጣብ፣ ይጨመርበታል፤ ሞዴሉ ደግሞ ኖይዙን መልሶ ማጥራት ይማራል። በመጨረሻ ከባዶ ኖይዝ ተነስቶ ምስል ያወጣል። በ2022 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሮንትጀን የሚባል ሞዴል አሳዩ። «በቀኝ በኩል ትልቅ የውሃ መጠራቀም» ብለሽ ስትጽፊለት እሱን የሚመስል የደረት ራጅ ያወጣልሻል። ስለዚህ አማካሪሽ ያሉሽ ነገር መሠረት አለው።

ጨለማ ክፍል ጻፈ፦

ሰላም እህታችን። እኔ የራዲዮሎጂ ሐኪም ነኝ። ስለ ኮዱ ሌሎቹ ይንገሩሽ፤ እኔ ስለ ምስሉ ልጠይቅሽ። የፈጠርሻቸውን ራጆች አጉልተሽ አይተሻቸዋል?

ኒሞቶራክስ የሚታወቀው በአንዲት ቀጭን ነጭ መስመር ነው። የሳንባው ሽፋን ናት። ከመስመሯ ወዲህ የሳንባ ደም ሥሮች ይታያሉ። ከመስመሯ ወዲያ ምንም የለም፣ ጥቁር አየር ብቻ። ሰውየው ቆሞ ከተነሳ አየሩ ወደ ላይ ስለሚወጣ መጀመሪያ የማየው የሳንባውን ጫፍ ነው። ተኝቶ ከተነሳ ግን አየሩ ወደ ፊትና ወደ ታች ይሄዳል፤ ያኔ ያቺ መስመር ላትታይ ትችላለች።

ሌላም አሳሳች አለ። የቆዳ እጥፋት ልክ እንደ መስመር ሆኖ ይታያል። ልዩነቱ፣ እጥፋት ከሆነ ደም ሥሮቹ አልፈውት ይሄዳሉ። እኛ አንዳንዴ ደቂቃዎች የምንፈጀው ይህን ለመለየት ነው።

እስቲ አሥር ያህሉን ከፍተሽ ሁለት ነገር እይልኝ። መስመሯ አለች? ካለችስ ከሷ ወዲያ ደም ሥር ይታያል? እግረ መንገድሽንም የግራና የቀኝ ምልክቱን ፊደል፣ የሽቦዎችንና የቱቦዎችን ጫፍ ተመልከች። የተፈጠሩ ራጆች ላይ ፊደሉ የማይነበብ ጭረት ሆኖ፣ ሽቦውም መሐል ደረት ላይ ድንገት ጠፍቶ አይቻለሁ።

ነጭ መስመር ጻፈች፦

ዶክተር በጣም አመሰግናለሁ። አሁን ከፍቼ አየሁ። ትልልቆቹ ላይ ነገሩ ግልጽ ነው። ሳንባው ተኮማትሯል፣ ጥቁሩ ቦታ ባዶ ነው። ትንንሾቹ ላይ ግን እንዳሉት ነው። ግማሾቹ ላይ መስመሯ የለችም፤ ጠቆር ያለ ጥላ ብቻ ነው ያለው። አንዳንዶቹ ላይ ደግሞ መስመሯ አለች፣ ግን ደም ሥሮቹ አልፈዋት ሄደዋል። ሁሉም «ኒሞቶራክስ» የሚል መለያ ተለጥፎባቸዋል። በጣም የምፈልጋቸው እነዚህ ትንንሾቹ ነበሩ።

ሽቦ ጻፈ፦

መስመሯ የጠፋችበት ምክንያት ይገባኛል። የተጠቀምሽው ሞዴል ስቴብል ዲፊውዥን ከሚባለው የታወቀ ምስል አመንጪ የተወረሰ ከሆነ፣ በቀጥታ ፒክስል ላይ አይሠራም። 512 በ512 የሆነውን ምስል መጀመሪያ ወደ 64 በ64 ያጨምቀዋል፤ የሚፈጥረው እዚያ ላይ ነው፤ ከዚያ መልሶ ይዘረጋዋል። በየጎኑ ስምንት እጥፍ ጭመቃ ማለት ነው።

አሁን አስቢው። ከማሽኑ የሚወጣው የደረት ራጅ በየጎኑ ከ2,000 ፒክስል በላይ ነው። አንቺ ገና ሳትጀምሪ ወደ 512 አሳንሰሽዋል። ከዚያ ሞዴሉ እንደገና በስምንት እጥፍ አጨመቀው። አንድ ሁለት ፒክስል የምትወፍር መስመር በዚህ ሁሉ ውስጥ አልፋ ብትተርፍ ነው የሚገርመው። ደግሞም ያ ማጨመቂያ የሠለጠነው በተራ ፎቶዎች ነው። ለፎቶ ውበት የማትጠቅም ቀጭን መስመር ለእሱ ምንም ማለት አይደለችም። ማጨመቂያውን ራሱን በራጅ እንደገና ካላሠለጠንሽው ትንንሾቹን አታገኚያቸውም።

በሲቲ ስካን ለሚሠሩም ተመሳሳይ ወጥመድ አለ። ሲቲ ወደ 4,096 የሚጠጋ የግራጫ ደረጃ አለው። ተራ የፎቶ ፎርማት 256 ብቻ ነው የሚይዘው። ሁሉንም ደፍጥጣችሁ ካስገባችሁት አንዱ ደረጃ 16 የሃውንስፊልድ ዩኒት (የሲቲ የብሩህነት መለኪያ) ይውጣል። ከጉበቱ በ30 ዩኒት ብቻ የሚለይ ዕጢ በሁለት ደረጃ ልዩነት ይቀራል ማለት ነው። መጀመሪያ ለምታዩት አካል የሚሆነውን መስኮት፣ ማለትም የግራጫ ደረጃዎቹን ክልል፣ ምረጡ።

ቁጥር ወዳድ ጻፈ፦

እኔን ከመስመሯም በላይ የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነገር አለ። እህቴ፣ የተጠቀምሽው ለሕዝብ ክፍት የሆነ ዳታ ነው አይደል? በ2017 የወጣው ቼስትኤክስሬይ14 ከሆነ፣ 112,120 ራጆች አሉት፤ ከ30,805 ታካሚዎች የተሰበሰቡ ናቸው። እዚያ ውስጥ «ኒሞቶራክስ» ከተባሉት ራጆች አብዛኞቹ ላይ የደረት ቱቦ አለ። ሰውየው ታክሟል ማለት ነው። አየሩ እንዲወጣ ቱቦ ገብቶለታል።

ይህን ያጣሩ ተመራማሪዎች ነበሩ። በዚህ ዳታ የሠለጠነ ሞዴል ቱቦ ባለባቸው ራጆች ላይ ሲለካ ውጤቱ 0.94 ነበር (1 ማለት ፍጹም፣ 0.5 ማለት ግምት ነው)። ቱቦ በሌለባቸው ላይ ወደ 0.77 ወረደ። ሞዴሉ በሽታውን ሳይሆን ሕክምናውን ነበር የሚያየው። የሚያሳዝነው፣ እርዳታ የሚፈልገው ገና ቱቦ ያልገባለት ሰው ነው።

አሁን የአንቺን ጉዳይ አስቢ። የሚያመነጨው ሞዴል የተማረው ከዚሁ ዳታ ነው። «ኒሞቶራክስ ስጠኝ» ስትይው ቱቦውንም አብሮ ይሰጥሻል። አንቺ ደግሞ ያንን አሥር እጥፍ አብዝተሽ ለሁለተኛው ሞዴል ታስተምሪያለሽ። የዳታው ስህተት አልጠፋም፤ ተባዛ።

ይህን ነገር ሁሉም ሰው እንዲይዘው እፈልጋለሁ። የተፈጠረ ምስል ስለ ማንም ሰው አካል አዲስ ወሬ አያመጣም። ያለው ዳታ የሚያውቀውን ነው መልሶ የሚያደራጀው። በኪንግስ ኮሌጅ ለንደን የሚመሩ ተመራማሪዎች በ2022 100,000 የአንጎል ኤምአርአይ ምስሎችን አመንጭተው በነፃ ለቀዋል። ትልቅ ሥራ ነው፤ አደንቀዋለሁ። ሞዴሉ የሠለጠነው ግን ዩኬ ባዮባንክ ከሚባለው የብሪታንያ የጤና ዳታ ማከማቻ በተወሰዱ 31,740 ምስሎች ነው። ባዮባንክ ሰዎችን ሲመዘግብ ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 69 ነበር። ስለዚህ 100,000 ቢያመነጩም፣ ሚሊዮንም ቢያመነጩ፣ የአንድ ሕፃን አንጎል አይወጣም።

ነገ ጻፈ፦

ወዳጆቼ፣ ተስፋዋን አታጨልሙባት። እኔ በዚህ ዘርፍ ትልቅ እምነት አለኝ። ምክንያቴንም ልንገራችሁ።

ሁላችንም ምስሉ እውነተኛ መምሰሉ ላይ ተጣብቀናል። ግን ሲንትሴግ የሚባለውን ሥራ እዩ። የአንጎል ክፍሎችን ከኤምአርአይ ላይ ለይቶ የሚያሰምር ሞዴል ነው። የሠለጠነው በተፈጠሩ ምስሎች ብቻ ነው። ምስሎቹ ደግሞ እውነተኛ እንዲመስሉ አልተደረገም። የአንጎሉን ካርታ ይወስዱና የእያንዳንዱን ክፍል ብሩህነት በዘፈቀደ ይቀይሩታል። ብዥታ ይጨምራሉ፣ ቅርጹን ይጠመዝዛሉ። ለዓይን የሚረብሹ ምስሎች ናቸው። ሞዴሉ ግን በየትኛውም የኤምአርአይ ዓይነት ላይ ሳይበገር ይሠራል፤ ምክንያቱም ብሩህነትን ሳይሆን ቅርጽን እንዲያይ ተገዷል።

ስለዚህ ጥያቄው «እውነት ይመስላል?» አይደለም። «ምን እንዲማር እፈልጋለሁ?» ነው። ነጭ መስመር፣ አንቺም ቱቦውን ከበሽታው መነጠል ትችያለሽ። ጤነኛ ራጅ ላይ ቱቦ ጨምሪ። ኒሞቶራክስ ያለበት ላይ ቱቦውን አጥፊ። ያኔ ሞዴሉ ቱቦ ምልክት እንዳልሆነ ይማራል። ይህን በእውነተኛ ዳታ ብቻ ማድረግ አይቻልም። የማመንጨት ጥቅሙ እኮ እዚህ ላይ ነው።

ጨለማ ክፍል ጻፈ፦

ይህ ሐሳብ ደስ ይላል። ቱቦ ከጠፋ ግን የገባበትም ቦታ ይታይልኝ። ከቆዳው ሥር አየር ይኖራል፤ እሱም መጥፋት አለበት።

እንግዳ ጻፈች፦

ይቅርታ፣ በመሐል ስለገባሁ። እኔ ባለሙያ አይደለሁም። በቅርቡ የጉልበት ኤምአርአይ ተነስቼ ነበር። ባለሙያው «አሁን በኤአይ ስለሚሠራ ቶሎ ያልቃል» አለኝ። እውነትም ቶሎ አለቀ። እናንተ የምትሉትን ሳነብ ደነገጥኩ። የኔም ጉልበት በኤአይ የተፈጠረ ነው ማለት ነው? ሐኪሜ ያየው የኔን ጉልበት ነው ወይስ ሌላ?

ማግኔት ጻፈ፦

እህቴ አይዞሽ፣ አትደንግጪ። የኤምአርአይ ቴክኖሎጂስት ነኝ። ጥያቄሽ ተገቢ ነው፤ በደንብ ልመልስልሽ።

ማሽኑ ጉልበትሽን እንደ ካሜራ በአንዴ አያነሳውም። ከሰውነትሽ የሚመጣውን የሬዲዮ ምልክት መስመር በመስመር ይለካል። ምስሉ በኋላ ከእነዚህ ልኬቶች በሒሳብ ይሰላል። ጊዜ የሚፈጀው ልኬቱ ነው። አንቺ ዘንድ የተደረገው፣ ከመስመሮቹ የተወሰኑትን ብቻ ለክቶ የቀረውን ሞዴሉ እንዲሞላ ማድረግ ነው። የተለካው ግን ከአንቺው ጉልበት የመጣ ነው። ደህና ተደርጎ የተሠራ ሥርዓት ውጤቱ ከተለካው ጋር እንዲስማማ ይገደዳል። እህታችን ከባዶ ኖይዝ ከምታመነጨው ራጅ ጋር አንድ አይደለም።

ይህም በደንብ ተፈትሿል። በ2018 የፌስቡክ የኤአይ ምርምር ክፍልና የኒው ዮርኩ የሕክምና ማዕከል ኤንዋይዩ ላንጎን ፋስትኤምአርአይ የሚባል ሥራ ጀመሩ። በ2020 ባወጡት ጥናት የጉልበት ኤምአርአይን ከተለመደው ልኬት ሩብ ያህሉን ብቻ ወስደው ሠሩት። ራዲዮሎጂስቶች ሁለቱን ምስሎች ሲያነቡ አንዱ በሌላው ቦታ ቢተካ ልዩነት የለውም የሚል ድምዳሜ ላይ ተደረሰ። ለሕፃናትና ሕመም ላይ ላለ ሰው ማሽን ውስጥ ቶሎ መጨረስ ምን ያህል እንደሆነ በየቀኑ አያለሁ።

አደጋው የሚመጣው ልኬቱን በጣም ስትቀንሺው ነው። ስምንት እጥፍ ሲደረስ ሞዴሎች በቦታው የሌለ ነገር መሙላት እንደጀመሩ ታይቷል። ጭራሽ ከአንድ ዓይነት ምስል ወደ ሌላ ሲቀየር ደግሞ ይብሳል። በ2018 ተመራማሪዎች አንድን የአንጎል ኤምአርአይ ዓይነት ወደ ሌላ የሚቀይሩ ሞዴሎችን አሠለጠኑ። የሠለጠኑበት ዳታ ዕጢ የበዛበት ከሆነ ሞዴሉ ጤነኛ አንጎል ላይ ዕጢ ይጨምራል። ዕጢ የሌለበት ከሆነ ደግሞ እውነተኛውን ዕጢ ያጠፋል። ሁለቱም ምስል ጥርት ያለ ነው። ዓይን የሚይዘው ስህተት የለውም።

ሐኪምሽን «ስንት እጥፍ ነው የፈጠነው?» ብለሽ መጠየቅ መብትሽ ነው። እኔ ብጠየቅ ደስ ብሎኝ እመልሳለሁ።

እንግዳ ጻፈች፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን ተረጋጋሁ። እጠይቀዋለሁ።

የዳታ ዘብ ጻፈች፦

አንድ ነገር ሳይነሳ እንዳያልፍ። ብዙ ሰው «የተፈጠረ ምስል የማንም ስላልሆነ እንደፈለግን እንልቀቀው» ይላል። በዚህ አልስማማም።

የሚያመነጭ ሞዴል አንዳንዴ አይፈጥርም፣ ያስታውሳል። በ2023 ተመራማሪዎች ከስቴብል ዲፊውዥን ውስጥ የሠለጠነባቸውን ምስሎች እንዳሉ ማውጣት ችለዋል። በብዛት የተደጋገሙ ምስሎች ናቸው በቀላሉ የወጡት። ዳታ ጥቂት ሲሆን ደግሞ ሞዴሉ እያንዳንዱን ምስል ደጋግሞ ያየዋል፤ የመሸምደድ ዕድሉ ይጨምራል። አንቺ ያለሽው ጥቂት ኒሞቶራክስ ነው። ስለዚህ የምትለቂው «አዲስ» ራጅ የአንድ እውነተኛ ታካሚ ራጅ ቅጂ ሊሆን ይችላል።

«ስም የለበት፣ ምን ችግር አለው?» እንዳትዪኝ። በ2019 በታተመ ጥናት ከራስ ኤምአርአይ ላይ ፊትን መልሰው ሠርተው ከፎቶ ጋር አስተያዩት። ከ84 ሰዎች የ70ዎቹን ማንነት ሶፍትዌሩ በትክክል ለየ። የደረት ራጅም ቢሆን ሁለት ራጆች የአንድ ሰው መሆናቸውን ሞዴል መለየት እንደሚችል ታይቷል።

የተፈጠረውን እያንዳንዱን ራጅ ከማሠልጠኛው ውስጥ በጣም ከሚመስለው ጋር ጎን ለጎን አድርገሽ እዪ። የተመሳሰለውን ጣይ። ይህ ሳይደረግ ምንም አይለቀቅ።

ሁለተኛው ስጋቴ ደግሞ ተንኮል ነው። በ2019 የቤን ጉሪዮን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሳንባ ሲቲ ስካን ላይ የካንሰር እባጭ የሚጨምርና የሚያጠፋ ፕሮግራም ሠሩ። ሦስት ራዲዮሎጂስቶች አነበቡት። የተጨመረባቸውን 99 በመቶ ካንሰር አለ አሉ። የጠፋላቸውን 94 በመቶ ጤነኛ አሉ። ምስሉ በሆስፒታሉ ኔትወርክ ውስጥ ያለ ማመስጠሪያና ያለ ዲጂታል ፊርማ ስለሚጓዝ ነው መንገዱ የተከፈተው። መድኃኒቱ ይታወቃል። ማሽኑ ምስሉን ሲያወጣ ይፈርምበት፤ ሐኪሙ ሲከፍት ፊርማው ይረጋገጥ።

ቁጥር ወዳድ ጻፈ፦

የዘብ ነጥብ ላይ ልጨምር። የተፈጠሩ ምስሎች ሳይለዩ ከእውነተኛው ዳታ ጋር ከተቀላቀሉ፣ ነገ ሌላ ሰው እነሱን እውነተኛ መስለውት የራሱን ሞዴል ያሠለጥንባቸዋል። በ2024 ኔቸር በሚባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ሞዴሎች በሌሎች ሞዴሎች ውጤት ደጋግመው ሲሠለጥኑ እየተበላሹ እንደሚሄዱ አሳይቷል። መጀመሪያ የሚጠፋው ብርቅ የሆነው ነው። በሕክምና ብርቅ ማለት የሚያመልጠን በሽታ ነው።

የሕክምና ምስሎች የሚቀመጡበት ፎርማት፣ ዳይኮም፣ ፋይሉ ውስጥ የምስሉን ዓይነት የሚገልጽ ቦታ አለ። ከማሽን በቀጥታ የወጣ ወይም የተሠራበት ተብሎ ይሞላል። እዚያ ይጻፍ። ፋይል ሲቀየር ስለሚጠፋ ደግሞ ምስሉ ላይም ይታተም።

ሽቦ ጻፈ፦

እንግዲህ ወደ ሥራው። እህቴ፣ እኔ ብሆን እንዲህ ነው የማደርገው።

ከሁሉ በፊት ታካሚዎቹን ለዪ። ራጆቹን ሳይሆን ታካሚዎቹን። አንድ ሰው ብዙ ራጅ ስላለው በምስል ከከፈልሽው ያው ሰው በማሠልጠኛውም በፈተናውም ይገኛል። የፈተናውን ክፍል ቆልፊበት። የሚያመነጨውም ሞዴል እንዳያየው። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። የሚያመነጨውን ሞዴል በሙሉ ዳታው ያሠለጥኑና ከዚያ ዳታውን ይከፍላሉ። ያኔ የፈተናው መልስ በተፈጠሩት ምስሎች በኩል ሾልኮ ይገባል፤ የሚያምር ውጤት ይወጣል፤ ውጤቱ ግን ባዶ ነው።

ከዚያ ያለ ምንም የተፈጠረ ምስል አሠልጥነሽ ለኪ። በመቀጠል ተራውን ማብዣ ብቻ ጨምረሽ ለኪ፤ ትንሽ ማዞር፣ ብሩህነት መቀየር። ግራና ቀኙን ስታገላብጪ ተጠንቀቂ፣ ልቡ ወደ ቀኝ ይሄዳል። የተፈጠሩትን የምትጨምሪው ከነዚህ በኋላ ነው፣ ያውም መጠኑን እየቀያየርሽ። ከተራው ማብዣ ካልበለጠ ተይው፤ ድካሙ አያዋጣም።

የተፈጠረ ምስል እውነተኛ መምሰሉን የሚለካውን፣ ኤፍአይዲ የሚባለውን መለኪያ አትመኚው። የተሠራው በተራ ፎቶዎች በሠለጠነ ኔትወርክ ነው። መኪናና ውሻ የሚለይ ዓይን ስለዚያች መስመር ምን ያውቃል?

ከላይ «ነገ» ያመጣውን ሐሳብ ልትሞክሪ ከፈለግሽ ደግሞ፣ በ2019 ካግል በሚባለው የዳታ ውድድር ድረ ገጽ ላይ የኒሞቶራክስ ውድድር ነበር። ዳታው አየሩ ያለበትን ቦታ ያሰመረ ነው። ሙሉ ራጅ ከማመንጨት ይልቅ ጤነኛ ራጅ ላይ ያንን ቦታ ብቻ በሙሉ ጥራት አስለውጪ። የቀረው ደረት እውነተኛ ሆኖ ይቆያል። መለያውም የት እንዳለ በእርግጠኝነት ታውቂዋለሽ።

ነጭ መስመር ጻፈች፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እስካሁን ያመነጨኋቸውን አልጠቀምባቸውም። ታካሚዎቹን ለይቼ እጀምራለሁ። የፈተናው ክፍል ውስጥ ቱቦ ያለባቸውንና የሌለባቸውን ነጥዬ ሁለቱንም ለየብቻ እለካለሁ። የመመረቂያ ጽሑፌ ላይም ዋናው ውጤት ቱቦ የሌለባቸው ይሆናል፤ ዝቅ ቢልም እሱን ነው የማቀርበው።

ዶክተር፣ አንድ ልመና አለኝ። ቦታው የተለወጠባቸውን ራጆች ከእውነተኞቹ ጋር ቀላቅዬ ብልክልዎ፣ የትኛው የቱ እንደሆነ ሳልነግርዎ ያነቡልኛል? እውነተኛ መምሰላቸውን አይደለም የምፈልገው። ኒሞቶራክስ አለ ወይስ የለም ብቻ ነው።

ጨለማ ክፍል ጻፈ፦

በደስታ። ብቻዬን ግን አይበቃም፤ አንድ የሥራ ባልደረባዬንም እጨምራለሁ፤ ሳንነጋገር ለየብቻ እናነባለን። በሙሉ ጥራት ላኪልን እንጂ አሳንሰሽ አትላኪ። ትንንሾቹ በቅድሚያ ይምጡ።